በአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ፍልስፍናዊ ውይይት እንዴት ይጀመራል?

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ስለ ትልልቅ ቁጥሮች እያስተማርኩ ሳለ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ቁጥር አያልቅም ይባላል። ግን ማንም ቆጥሮ ካልጨረሰው፣ እንደማያልቅ እንዴት ታወቀ?»

ደወሉ ሊደወል ነው። ገና ሁለት ገጽ ይቀረኛል። «እሱ ለፈተና አይመጣም፤ ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ አልሰማሁትም።

ያ ጥያቄ ስንት አሳቢዎች ዕድሜያቸውን የሰጡት ጥያቄ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቶ ነው። እኔ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀጨሁት። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የሚቀመጥበት ቦታና ጊዜ እንዲኖረው ነው። የፍልስፍና ዲግሪ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መልስ ከመስጠት የመቆጠብ ትዕግሥት።

ፍልስፍናዊ ውይይት ምን ማለት እንደሆነ በቅድሚያ እንግባባ። የፈላስፎችን ስም ማስጠናት አይደለም። ክርክርም አይደለም፤ አሸናፊ የለውም። የግብረ ገብ ስብከትም አይደለም። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አጭር ታሪክ ይሰማሉ። ከታሪኩ ተነስተው የራሳቸውን ጥያቄ ያወጣሉ፤ አንዱን ይመርጣሉ። ከዚያ ምክንያት እየሰጡና እየተደማመጡ አብረው ያስባሉ። እንቆቅልሽ ቢሆን ጠያቂው መልሱን ያውቀዋል። እዚህ ግን ጠያቂውም አያውቀውም። ደስ የሚለውም እሱ ነው።

ዘዴውን መልክ ያስያዘው አሜሪካዊው ማቲው ሊፕማን ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምር ነበር። ሰው ማመዛዘንን መለማመድ የሚጀምረው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከሆነ በጣም ረፍዷል ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ልጆች ራሳቸው እያሰቡ የሚነጋገሩባቸውን ታሪኮች መጻፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኒው ጀርሲ ውስጥ በሞንትክሌር ኮሌጅ ከአን ማርጋሬት ሻርፕ ጋር ሆኖ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ተቋም አቋቋመ። ክፍሉን ያሰቡት አብረው እንደሚመረምሩ ሰዎች ማኅበር ነው። ዛሬ ዘዴው በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ መልኩ ቢለያይም መሠረቱ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ላሉት ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። ቀኑና ሰዓቱ ግን የታወቀ ይሁን። «ጊዜ ሲተርፍ እናደርገዋለን» ካላችሁ ጊዜ አይተርፍም። አዲስ ክፍለ ጊዜ ማግኘት ካልተቻለ ከቋንቋ ወይም ከግብረ ገብ ትምህርት ላይ አንዱን ውሰዱ። መናገር፣ ማዳመጥ፣ ምክንያት ማቅረብ የእነዚያ ትምህርቶች ዓላማም ነውና ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር አትጋጩም።

ለርዕሰ መምህሩና ለወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩ። ስትነግሩ ግን ሐቁን ንገሩ። «ውጤት ከፍ ያደርጋል» ብሎ መሸጥ ያጓጓል። በስኮትላንድ ክላክማናንሻየር በተደረገ ጥናት 10 ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ሲወያዩ ቆይተው የማመዛዘን ችሎታ ፈተና ላይ ውጤታቸው ተሻሽሏል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለካም ለውጡ አልጠፋም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት 48 ትምህርት ቤቶችን አሳትፎ ነበር። በንባብና በሒሳብ የሁለት ወር ያህል ተጨማሪ እድገት ታየ ተባለ። ይሁንና ወደ 200 በሚጠጉ ትምህርት ቤቶች የተደረገውና በ2021 የወጣው ሰፊ ሙከራ ያንኑ ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ የፈተና ውጤትን ቃል አትግቡ። «ልጆቹ ምክንያት መስጠትና መደማመጥ ይለማመዳሉ» በሉ። እሱን በየሳምንቱ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ወላጅንም ጋብዛችሁ ልታሳዩት ትችላላችሁ።

1. ወንበሮቹን ክብ አድርጉ

ልጅ የጓደኛውን ማጅራት እያየ አይወያይም። ፊት ለፊት ይተያዩ። እናንተም ከክቡ ውስጥ፣ ከእነሱ እኩል በሆነ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቆማችሁ ከሆነ ሁሉም የሚያወራው ለእናንተ ነው።

ክፍሉ የተጨናነቀ ከሆነ፣ ወይም ዴስኮቹ የማይነሱ ከሆነ ሁለት ክብ ሥሩ። 15 ያህል ልጆች ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ይነጋገራሉ። የቀሩት ዙሪያቸውን ሆነው ያዳምጣሉ። የውጪዎቹ ሥራ ፈት እንዳይሆኑ ለእያንዳንዱ አንድ የውስጥ ልጅ ስጡት፤ ያ ልጅ የተናገረውን ከነምክንያቱ ይይዛል። ጊዜው ሲጋመስ ቦታ ይለዋወጣሉ። ግቢ ወጥቶ ዛፍ ሥር መቀመጥም ይሠራል።

2. ሕጉ አጭር ይሁን

ሦስት ይበቃሉ። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይሰማል። ሐሳቡን እንጂ ሰውየውን አንነካም። መናገር ያልፈለገ ማለፍ ይችላል። በልጆቹ ቃል ጻፉትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ተራ ለማስያዝ አንድ ኳስ ያዙ። ኳሱ በእጁ ያለ ይናገራል፤ ሲጨርስ እጁን ላወጣ ሌላ ልጅ ይወረውርለታል። በሃዋይ በቶማስ ጃክሰን የተጀመረው ሥራ ላይ ይህን ኳስ በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ራሳቸው ከክር ይሠሩታል። እያንዳንዱ ስለራሱ እየተናገረ ክሩን ይጠመጥማል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ኳሱ የሁሉም ይሆናል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። ተናጋሪን የሚመርጠው መምህሩ መሆኑ ይቀራል።

3. መነሻ ታሪክ ምረጡ

ጥሩ መነሻ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ሁለት የሚጋጩ ነገሮች ይኖሩበታል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ምክር የለውም። ይህን ልብ በሉ፤ ብዙ መምህራን የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ነው። ተረት ስንናገር «ስለዚህ ልጆች፣ መዋሸት መጥፎ ነው» ብለን መቋጨት ለምደናል። እንዲህ ካልን በኋላ ለልጆቹ የቀረ ሥራ የለም። የታሪኩን ማሠሪያ ቆርጣችሁ ጣሉት።

ከጥንት የተረፉ፣ ለልጅ የሚመቹ ታሪኮች ሞልተዋል። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ከ2400 ዓመታት ገደማ በፊት የተረከው የጋይጂስ ቀለበት አንዱ ነው። እረኛ ቀለበት ያገኛል። ፈርጡን ወደ ውስጥ ሲያዞረው ማንም አያየውም። ዋናው ታሪክ ግድያም አለበት፤ ያንን ተዉትና እረኛው እንደማይታይ ሲያውቅ አቁሙት። ቻይናዊው ፈላስፋ ቹዋንግ ዙ ደግሞ ቢራቢሮ ሆኖ ሲበር አለመ። ሲነቃ ግራ ገባው፤ ቢራቢሮ መሆኑን ያለመ ሰው ነው ወይስ አሁን ሰው መሆኑን የሚያልም ቢራቢሮ? ለትንንሾች ይህ ታሪክ ብቻውን ለአንድ ወር ይበቃል።

ሌላው የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ያቆየልን የቴሴየስ መርከብ ነው። አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴየስን መርከብ ለማስታወሻ አቆዩት። ሳንቃው ሲበሰብስ በአዲስ ይተኩታል። ሁሉም ሳንቃ ሲተካ ያው መርከብ ነው? መርከብ ለልጆቻችሁ ሩቅ ከሆነ በሚያውቁት ዕቃ ለውጡት። እኔ ብስክሌት አድርጌዋለሁ፤ ዝቅ ብዬ አሳያችኋለሁ።

ታሪክ ብቻ አይደለም። ሥዕል፣ የተሰበረ አሻንጉሊት፣ ትናንት በእረፍት ሰዓት የተፈጠረ አለመግባባት (ስም ሳይጠራ) መነሻ ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጓደኝነት፣ እኩል መካፈል፣ ድፍረት፣ ቃል መጠበቅ ጥሩ ጉዳዮች ናቸው። ልጆች በየቀኑ የሚኖሩት ነገር ስለሆነ ቃል አይቸግራቸውም።

4. ጥያቄውን ልጆቹ ያውጡ

ታሪኩ እንዳለቀ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው «በጣም የገረመን ምንድን ነው?» ብለው ይነጋገሩ። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጥያቄ ያምጣ። ሁሉንም በሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ በልጆቹ አባባል፣ ሳታርሙ፣ ከነስማቸው።

መጀመሪያ የሚመጡት ጥያቄዎች ደካማ ሊመስሏችሁ ይችላሉ። የቀለበቱን ታሪክ ተናግራችሁ «ቀለበቱን የት አገኘው?» ብለው ይጠይቃሉ። አትሳቁ፤ ጥያቄውንም አትጣሉት። ይልቁንም ጥያቄ ዓይነት እንዳለው አስተምሩበት። ሦስት ዓይነት ነው። መልሱ ታሪኩ ውስጥ ያለ ጥያቄ አለ፤ «የት አገኘው?» እዚያ ይገባል። መልሱን ከመጽሐፍ ወይም ከሚያውቅ ሰው የምናገኘው አለ፤ «ቀለበት ከምን ይሠራል?» እንደማለት። ሦስተኛው ታሪኩን ደግመን ብናነብም፣ አዋቂ ብንጠይቅም የማያልቅ፣ አብረን ማሰብ ያለብን ጥያቄ ነው። «ማንም የማያይህ ከሆነ መስረቅ ምን ችግር አለው?» ይህ የኛ ነው። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ልጆቹ ራሳቸው በሦስቱ ይመድቡ። ከአራት ከአምስት ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ረድፍ ሲረዝም ታያላችሁ።

ደካማውን ጥያቄ ማሳደግም ይቻላል። «እረኛው ለምን ቀለበቱን አልመለሰም?» የሚለው ስለ አንድ ሰው ነው። «ወድቆ የተገኘ ነገር የማን ነው?» ሲባል ስለ ሁላችንም ይሆናል። ይህን ለውጥ መጀመሪያ እናንተ አሳዩ፤ በኋላ እነሱ ይሠሩታል።

አንዱን ለመምረጥ ድምፅ ይሰጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው እጅ ያውጡ። ካልሆነ ሁሉም የሚያየው ጓደኛውን ነው። ያልተመረጡትን ጥያቄዎች አታጥፏቸው፤ ካርቶን ሳጥን አዘጋጁና በወረቀት ጽፋችሁ ክተቷቸው።

5. ውይይቱን ምሩ

የመጀመሪያውን ቃል ጥያቄውን ያመጣው ጥንድ ይናገር። ለምን እንደጠየቁ ያስረዱ። ከዚያ ኳሱ ይዙር።

አሁን ሥራችሁ ምንድን ነው? አብዛኛው ሥራችሁ አለመናገር ነው። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የመምህራንን ድምፅ ቀድታ አዳምጣ ነበር። መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ጠብቀው ወደ ሌላ ልጅ እንደሚያልፉ ወይም ራሳቸው እንደሚመልሱ አገኘች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ረዘመ። ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ሲያወሩት ትንሽ ነው። ክፍል ውስጥ ሲጠብቁት ግን ያስጨንቃል። በሆዳችሁ ቁጠሩ። አምስት ድረስ ቁጠሩ።

ሁለተኛው ማድነቅን መቆጠብ ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ነው። «ጎበዝ! ትክክል!» ስትሉ የቀሩት ልጆች መልሱ እንደተገኘ ይገባቸዋል፤ እጆች ሁሉ ይወርዳሉ። «አመሰግናለሁ» በሉ። ወይም «እሺ፣ ሌላስ?» ፊታችሁንም ጠብቁ። ልጆች ከቃላችሁ በፊት ፊታችሁን ነው የሚያነቡት።

ሦስተኛው ተከታይ ጥያቄ ነው። የምጠቀምባቸውን ጥቂት ጥያቄዎች በትንሽ ካርድ ጽፌ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ፦

ለምን እንዲህ አልክ?
«እኩል» ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?
ምሳሌ አለህ?
ሁልጊዜ ነው? ያልሆነበት ጊዜ የለም?
አሁን ያልሽው እሱ ካለው ጋር ይስማማል ወይስ ይጣላል?
ይህ እውነት ከሆነ ሌላ ምን እውነት ይሆናል?

ስድስት ጥያቄዎች ዓመት ያስኬዳሉ። ዕውቀታቸውን መፈተን አቁማችሁ የተናገሩትን ነገር እንዲፈትሹ ስትጠይቋቸው የክፍሉ አየር ይለወጣል።

ልጆቹም የመነሻ ሐረግ ያስፈልጋቸዋል። «እስማማለሁ፣ ምክንያቱም…» «አልስማማም፣ ምክንያቱም…» «እሷ ያለችው ላይ ልጨምር…» «ሐሳቤን ቀየርኩ…» ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉት። በተለይ የመጨረሻው እንዲለመድ ጣሩ። ሐሳብ መቀየር ሽንፈት የሚመስለው ልጅ ያደረበትን ሐሳብ ይዞ ይቀራል።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ብስክሌት ነበረው። ጎማው ተቀየረ። ቀጥሎ ኮርቻው፣ ከዚያ መሪው፣ ፔዳሉ። በመጨረሻ ዋናው ብረት ተሰብሮ እሱም በአዲስ ተተካ። የተጣሉትን አሮጌ ዕቃዎች ግን አንዲት ልጅ እየለቀመች ታስቀምጥ ነበር። ገጣጥማ ብስክሌት ሠራች። የልጁ የመጀመሪያ ብስክሌት የትኛው ነው? ከአራተኛ ክፍሎች ጋር የነበረው ውይይት ከማስታውሰው እንዲህ ይሄድ ነበር፦

አንድ ልጅ፦ የእሱ እጅ ላይ ያለው ነው።
መምህር፦ ለምን?
ልጁ፦ በየቀኑ የሚነዳው እሱን ነዋ።
መምህር፦ የጓደኛውን ተውሶ በየቀኑ ቢነዳስ?
ልጁ (ትንሽ ቆይቶ)፦ አይ። የገዛውን ማለቴ ነው።
አንዲት ልጅ፦ የገዛው እኮ አሮጌውን ብረት ነው። እሱ ያለው ልጅቷ ጋ ነው።
መምህር፦ ያልሽው እሱ ካለው ጋር ይስማማል?
ልጅቷ፦ አይስማማም። እሱ የገዛውን ካለ፣ ልጅቷ ጋ ያለው ነው ማለት አለበት።
ሦስተኛ ልጅ፦ ግን የወተት ጥርሶቼ ሁሉም ወልቀዋል። እኔ ግን እኔው ነኝ።
መምህር፦ ሰው እንደ ብስክሌት ነው?

ከዚያ በኋላ 20 ደቂቃ አፌን አልከፈትኩም። ነገር ነገርን ያነሳዋል፤ ከብስክሌት ወደ ጥርስ፣ ከጥርስ ወደ ትውስታ፣ ከትውስታ ወደ «ሕፃን ሆኜ የማላስታውሰው ልጅ እኔ ነኝ?» ሄዱ። መምህሩ አራት ጊዜ ተናገረ፤ አራቱም ጥያቄ ነበር። የመጀመሪያው ልጅ ደግሞ በቃሉ ላይ ሲጠየቅ የሚለውን አጠራ። «የሚነዳው» ያለው «የገዛው» ሆነ። ሥራው ይኼ ነው። የልጁ ሐሳብ ትክክል ሆነ አልሆነ፣ ከተነሳበት ይልቅ ግልጽ ሆኗል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መረጃ ከሐሳብ ይለይ። ልጅ በውይይት መሀል «ፀሐይ ምድርን ትዞራለች» ካለ አርሙት፤ ወይም «ይህን እናጣራ» ብላችሁ መዝግቡት። የሚጣራ ነገር በድምፅ ብልጫ አይወሰንም።

6. መዝጊያው

አምስት ደቂቃ ሲቀር አቁሙ። ማጠቃለያ አትስጡ። ሲሞቅ የነበረውን ውይይት በእናንተ ፍርድ ከዘጋችሁት ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት የእናንተን ፍርድ ይጠብቃሉ። ኳሱ ዞሮ እያንዳንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃሉን ይናገር፤ ማለፍ ይቻላል። «ሐሳቡን የቀየረ አለ? ማን አስቀየረህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጓደኛው ሐሳቡን እንደቀየረለት በስም ሲናገር የምትሰሙት ነገር ደስ ያሰኛል።

ከዚያ አውራ ጣት ያሳዩ፦ ዛሬ ተደማመጥን? ምክንያት ሰጠን? አዲስ ነገር አሰብን? ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች። አንድ ደቂቃ።

የሚያስቸግሩ ነገሮች

ዝምታ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዝም ሊሉ ይችላሉ። እስከዛሬ ትምህርት ቤት የጠየቃቸው ትክክለኛውን መልስ ነውና ወጥመድ ይመስላቸዋል። ወደ ጥንድ መልሷቸው፤ ለሁለት ሲሆኑ ያወራሉ።

አንድ ልጅ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ለሁሉም ሦስት ሦስት ቁራጭ ወረቀት ስጡ። በተናገሩ ቁጥር አንዱን መሬት ላይ ያስቀምጣሉ። ያለቀበት ያዳምጣል። ያልተናገረ ሁሉ ግን አላሰበም ማለት አይደለም። አንዳንዱ በጽሑፍ ወይም በሥዕል ሲናገር ጉድ ያሰኛል።

«ሁሉም ሰው የራሱ አስተያየት አለው፤ ሁሉም ትክክል ነው።» ይህ አባባል መከባበር ይመስላል፤ ውይይቱን ግን ይገድለዋል። ልጆቹ ከፍ ሲሉ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ ይበዛል። በሁለት ጥያቄ ለዩት። «ከቀለም ሰማያዊ እወዳለሁ» እና «ደካማን ልጅ መምታት ችግር የለውም» አንድ ዓይነት አስተያየት ናቸው? የመጀመሪያውን ማንም ምክንያት አይጠይቅበትም። ሁለተኛውን ግን? ልጆቹ ልዩነቱን ራሳቸው ያገኙታል። ሁሉም የመናገር መብት አለው ማለትና የተባለው ሁሉ እኩል ጥሩ ምክንያት አለው ማለት ይለያያሉ።

የእምነትና የሞት ጥያቄ። ይመጣል፤ አትደንግጡ። «ሰው ሲሞት የት ይሄዳል?» የምትለዋ ልጅ ልትፈትናችሁ አይደለም። የእናንተን እምነት አታስተምሩ፤ የእሷንም አትንኩ። ልጅ «እምነታችን እንዲህ ይላል» ካለ ማመስገን ይገባል። ቀጥላችሁ «እንደዚያ ለማያምን ጓደኛህ እንዴት ታስረዳዋለህ?» ማለት ትችላላችሁ። በእምነት ላይ ድምፅ አታሰጡ። ጥያቄው ለቤተሰብ የሚተው ከሆነም በግልጽ «ይህን ቤት ሄደሽ ጠይቂ» በሉ፤ እንዳላየ አትለፉት።

ልጅ የቤት ውስጥ ሕመሙን ካወጣ ውይይቱ ይቆያል። በዚያ ላይ ተከታይ ጥያቄ አይጠየቅም። «ስለነገርከን አመሰግናለሁ» ብላችሁ ርዕሱን በቀስታ አዙሩ፤ ከክፍል በኋላ ለብቻ አነጋግሩት። ምሥጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ። አደጋ ካለ በትምህርት ቤቱ የልጆች ደኅንነት ሥርዓት መሠረት ወዲያው አሳውቁ።

እንደ ዕድሜያቸው

ትንንሾቹ በእግራቸው ያስባሉ። በክፍሉ አንድ ጎን «አዎ»፣ በሌላው «አይደለም» ለጥፉ። «አሻንጉሊት ጓደኛ ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁና ይቁሙበት። ምክንያት ሲሰሙ ቦታ መቀየር ይችላሉ። ሐሳብ መቀየር በእግር ሲታይ ያስደስታቸዋል። ሥዕልም ይሥሩ።

ሦስተኛና አራተኛ ክፍሎች ምሳሌና ተቃራኒ ምሳሌ ፍለጋ ይወዳሉ። ከፍ ያሉት ደግሞ ቃል መፈተሽ ይችላሉ፦ ነፃነት ምንድን ነው? ፍትሕና እኩልነት አንድ ናቸው? የሐሳብ ደብተር ይኑራቸው፤ ከውይይት በፊት ሁለት መስመር፣ በኋላም ሁለት መስመር ይጻፉ።

ማርክ አትስጡበት። አንዴ ማርክ ከገባ ልጆቹ የእናንተን ሐሳብ መገመት ይጀምራሉ።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ

ልጆቹን ከመመዘን ራሳችሁን መዝኑ። አንድ ባልደረባ ወይም አንድ ተማሪ በወረቀት ላይ ጭረት ይያዝላችሁ፤ መምህሩ ስንት ጊዜ ተናገረ? ልጅ ለልጅ ስንት ጊዜ መለሰ? ስንት የተለያዩ ልጆች ተናገሩ? የመጀመሪያው ቀን ጭረት ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ እኔን አስደንግጦኛል። ከንግግሩ ከግማሽ በላይ የእኔ ነበር። ወረቀቱን አስቀምጡት። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና አስይዙና አስተያዩ።

ሌላ አንድ ነገር ይቀራል፤ ሳጥኑ። ያልተመረጡ ጥያቄዎች እዚያ አሉ። በሒሳብ፣ በሳይንስ፣ በመንገድ ላይ የሚወለዱትንም ጨምሩበት። ክፍለ ጊዜ ሲያጥራችሁና ልጅ የማትመልሱትን ሲጠይቃችሁ ወረቀት ስጡትና ራሱ ጽፎ ይክተተው። ለዚያ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። መነሻ ታሪክ ያላዘጋጃችሁበት ሳምንት ሲመጣ አንድ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ይስደድና አንድ ወረቀት ያውጣ። ውይይቱ ከዚያ ይጀመር።